መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ሲፈተን፦ «ሂድየስ»ን ይዞ ደሴ ገበያ መውጣት

መዝገበ ቃላት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የቃላት ብዛት ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ብዙ አይነግርም። ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ ሻጭ ፊት ቆሞ ሦስት አራት መዝገበ ቃላት ለሚያገላብጥ ሰው የሚያዋጣው አንድ አስቸጋሪ ቃል ይዞ ሄዶ ሁሉንም በዚያው ቃል መፈተን ነው። ለዚህ ግምገማ የተመረጠው «ሂድየስ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ኤች፣ አይ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ ተብሎ የሚጻፈው፣ እጅግ የከፋ አስቀያሚነትን የሚገልጸው ቅጽል።

ቃሉ ለፈተና የሚመቸው መካከለኛ ቦታ ላይ ስላለ ነው። ኦክስፎርድ ለተማሪዎች ባወጣው የሦስት ሺህ መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ቀጭን የኪስ መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ፍቺ ሊያልፈው ይችላል። ብርቅ ግን አይደለም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ቁስል፣ ስለ ጩኸት፣ ስለ ወንጀል፣ ስለ ዋጋም ሳይቀር ይለዋል። ለእያንዳንዱ የምንሰጠው አማርኛ የተለያየ ነው። መዝገበ ቃላቱ ሠርቶ ነው ወይስ ገልብጦ የሚለው እዚህ ላይ ይታወቃል።

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ቃሉ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ ሲሆን መነሻው ፍርሃትና ድንጋጤ ማለት ነበር። ዛሬ ዋና ሥራው መልከ አስቀያሚነትን መግለጽ ቢሆንም የድሮው ድንጋጤ ጨርሶ አልለቀቀውም። ስለዚህ «አስቀያሚ» ብቻ ብሎ የሚያቆም ፍቺ ጉልበቱን ይቀንስበታል፤ «አስፈሪ» ብቻ የሚል ደግሞ አቅጣጫውን ያስታል። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው።

ላሊበላን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ፣ ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠበቁ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከለ ግዙፍ መጠለያ ከላያቸው አለ። አንድ ፈረንጅ ቀና ብሎ መጠለያውን አይቶ «ሂድየስ» ቢል፣ የሚለው እንዲህ ያለ ድንቅ ሥራ ላይ ይህን የመሰለ ለዓይን የሚቀፍ ነገር እንዴት ይተከላል ነው። አስጎብኚው ቃሉን «አስፈሪ» ብሎ ከያዘው ግን ሰውየው መጠለያው ይወድቃል ብሎ የሠጋ ይመስለዋል። የከተማው ነዋሪም የመጠለያው ክብደት ለአብያተ ክርስቲያናቱ አደጋ እንዳይሆን ስጋቱን በአደባባይ የገለጸ ስለሆነ መልሱ ሁሉ ስለ ምሰሶና ስለ ክብደት ይሆናል። ጎብኚው ስለ መልክ፣ አስጎብኚው ስለ አደጋ እያወሩ ሳይግባቡ ይለያያሉ፤ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል።

ኮምቦልቻም ተመሳሳይ ነገር አለ። የልብስ ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ውስጥ፣ ገዢው «ይህ አረንጓዴ ሂድየስ ነው» ብሎ ቢጽፍ የተናገረው ስለ ቀለሙ ምርጫ ነው። ጨርቁ ተበላሽቷል፣ ቀለሙ ለቅቋል ወይም ስፌቱ ተዛንፏል አላለም። ጥራት ተቆጣጣሪው ጉድለት ሲፈልግ ቢውል አያገኝም። የሚያስፈልገው ሌላ የቀለም ናሙና መላክ ነው።

እንግዲህ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ከሚፈቱት እንጀምር። በዚህ ቃል በኩል ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ለላቁ ተማሪዎች የተዘጋጀው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሆርንቢ የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በኦክስፎርድ የሚታተመው። ፍቺው አጭር ነው፦ በጣም አስቀያሚ ወይም ደስ የማይል። ፍቺውን ለማንበብ ሌላ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ ከባድ ቃል በቀላል ቃላት መፍታት የአዘጋጆቹ ደንብ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ቀጥሎ በሚመጡት ምሳሌዎች ላይ ነው፤ ፊት፣ ሕንፃ፣ ቀሚስ። ሦስት ቃል ብቻ፣ ነገር ግን ተማሪው ቅጽሉ ከሰው ውጭም እንደሚሠራ ወዲያው ይረዳል። ድክመቱ «ወይም ደስ የማይል» የሚለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ይህን ያነበበ ጀማሪ «የዛሬው ፈተና ሂድየስ ነበር» ቢል አይፈረድበትም፤ እንግሊዞችም በጨዋታ እንዲህ ይላሉ። ይህን በፈተና ወረቀት ወይም በሥራ ማመልከቻ ላይ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሎንግማን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ «እጅግ ደስ የማይል» የሚለውን ያስቀድምና «አስቀያሚ»ን ያስከትላል። በሁለት ሺህ ያህል ቃላት ብቻ ስለሚፈታ ንባቡ ከኦክስፎርድም ይቀላል፤ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ቃል ግን ቅደም ተከተሉ አያግዝም፤ ተማሪው ቃሉን «መጥፎ» ብሎ ይይዘውና መልክን የሚመለከተው ክፍል ይጠፋበታል።

የአሜሪካኖቹ ሜሪያም ዌብስተር ሁለት ፍቺ ለይቶ ይሰጣል። አንደኛው ስሜትን በተለይም ዓይንን የሚያስቀይም፣ እጅግ አስቀያሚ የሆነ፤ ሁለተኛው በግብረ ገብ በኩል የሚያስነውርና የሚያስደነግጥ። ለተርጓሚ ከሁሉ የሚጠቅም አከፋፈል ይህ ነው፤ የአማርኛው መንገድም እዚሁ ላይ ይለያያልና። መነሻውንም ይነግራል። ፍቺው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ግን ራሱ ከባድ ስለሆነ ለተማሪ አይመከርም።

አነባበቡ ላይ ሦስቱም ግልጽ ናቸው፤ ችግሩ እኛ ዘንድ ነው። «ሃይድየስ» ብሎ ማንበብ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መደበቅ ማለት ከሆነው «ሃይድ» ጋር ስለሚመሳሰል። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ትክክለኛው ሂ-ዲ-የስ ሲሆን ድምፁ የሚጎላው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ «ሂ» አጭር ናት፣ እንደ «ሂሳብ» አትሳብም። መጨረሻው «ኦስ» አይደለም፣ በጣም የላላ «የስ» ነው። አጻጻፉ ላይ ደግሞ ከዲ ቀጥሎ ያለችው ኢ ትዘለላለች፤ አለዚያም በአይ ትተካለች። ሌላው የሚያምታታ «ሄይነስ» የሚለው ቃል ነው፤ ይህ ለከባድ ወንጀልና ግፍ ብቻ የሚውል እንጂ ለመልክ የማይባል ነው። ወንጀል ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል፤ ቀሚስ ግን «ሄይነስ» አይሆንም።

ሰዋስዉ ላይ መዝገበ ቃላቱ በምሳሌ እንጂ በግልጽ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ቃሉ በራሱ «በጣም»ን የያዘ ነው። ስለዚህ ፊቱ «ቬሪ» ሲጨመርበት ለእንግሊዝኛ ጆሮ ይጎረብጣል፤ የሚሄድለት «አብሶሉትሊ» ወይም «ትሩሊ» ነው። «ቬሪ» ተራውን አስቀያሚ ከሚለው ከ«አግሊ» ጋር ትሂድ። ማወዳደር ሲያስፈልግ በ«ሞር» እና በ«ሞስት» ነው እንጂ መጨረሻው ላይ ምንም አይቀጠልም። ኤቹ ስለሚነበብ ከፊቱ የሚመጣው «ኤ» ነው፣ «አን» አይደለም። ከቀለም ጋር ሲመጣም ይቀድማል፤ መጀመሪያ ፍርዱ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዚያ ቀሚሱ። ይኸኛው ከአማርኛው ጋር ስለሚገጥም የሚሳሳትበት ጥቂት ነው።

ተውሳከ ግሡ «ሂድየስሊ» ለብቻው መታየት አለበት። ከመልክ ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ «ሂድየስሊ ኤክስፔንሲቭ» ሲባል ስለ ዋጋ ነው፤ ዋጋው እሳት ነው እንደምንለው። «በአስቀያሚ ሁኔታ ውድ» ብሎ የተረጎመ መጽሐፍ ወይም ስልክ ከተገኘ የቀረውንም በጥርጣሬ ማየት ነው።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከሚፈቱት ውስጥ አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ የታተመው ዛሬም የብዙ መምህራን መሥሪያ ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን አገር የታተመው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ስለሚተረጉም ለተርጓሚ ይበልጣል፤ ወፍራምና ውድ ስለሆነ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጎ መጠቀም ይሻላል። ሁለቱም ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ለ«ሂድየስ» ይህ ችግር አይደለም፤ አማርኛው አላረጀም። ለኮምፒውተርና ለኢንተርኔት ቃላት ግን አይፈለጉ።

አንድ ነጠላ አማርኛ ቃል ለ«ሂድየስ» የሚበቃ የለም፤ እንደሚገለጸው ነገር መለዋወጥ ግድ ነው። ለሰው ፊት «ለማየት የሚያስደነግጥ» ይሄዳል። «መልከ ጥፉ» ትርጉሙ ቢቀርብም ለሰው ብቻ ነው፤ ሕንፃ መልከ ጥፉ አይባልም። «ፉንጋ» በጣም ይለሰልሳል፤ የእንግሊዝኛው ጭካኔ የለበትም፣ እንዲያውም ፍቅር ያዘለ ሊሆን ይችላል። ለሕንፃ፣ ለመጋረጃና ለቀለም «ለዓይን የሚቀፍ» ጥሩ ነው፤ በጨዋታ ከሆነ «ሲያስጠላ!» ይበቃል። ቁስል ላይ «ዘግናኝ»፣ ጩኸት ላይ «የሚሰቀጥጥ»፣ ወንጀል ላይ «ዘግናኝ» ወይም «አሰቃቂ» ነው። «አስቀያሚ ወንጀል» ብሎ የሚተረጉም ጋዜጣ አለ፤ አማርኛ አይደለም፣ ወንጀል መልክ የለውም።

ቃሉን ለሰው መልክ መጠቀም ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛም ቢሆን ለሰው ፊት «ሂድየስ» ማለት የለየለት ስድብ ነው፤ ጨዋ ተናጋሪ «ፕሌይን» ወይም «አንአትራክቲቭ» ብሎ ያልፈዋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ምድር ነው፤ በእነሱ የሚዘፈነውም ዓይንን ለብቻ፣ አንገትን ለብቻ፣ ጥርስን ለብቻ የሚያወድስ ነው። ቁንጅናን በዝርዝር የሚያመሰግን ሰው አስቀያሚነትን ግን ሸፍኖ ማለፍ ይወዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የፈጣሪ ሥራ አይነወርም ይላል፤ ተረቱም «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህር ለ«ሂድየስ» ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲል ከሰው ይልቅ በልብስና በሕንፃ ቢያስጀምር ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ መሳቂያ አይሆንም። ኦክስፎርድ ከሰጣቸው ሦስት ምሳሌዎች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መውሰድ ማለት ነው።

የስልክ ተርጓሚዎች ጉዳይ አጭር ነው። ጉግል አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት መግዛት ያቆመ ይመስላል። ተርጓሚ ማሽን ግን መዝገበ ቃላት አይደለም። ነጠላ ቃል ሲሰጠው ስለምን እንደሚወራ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው አንዱን ትርጉም መርጦ ያወጣል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሰጠው ይሻሻላል። ቀላል መፈተኛ አለ፤ «ሂድየስ»ን ከቀሚስ ጋር፣ ከወንጀል ጋርና ከዋጋ ጋር ያጣመሩ ሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ ማስገባት። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አማርኛ ከመጣ ማሽኑ ቃሉን እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አላነበበም። የመጣውን አማርኛ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎምም ይጠቅማል፤ «አግሊ» ሆኖ ከተመለሰ ጉልበቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ አስፈሪ የሚለው «ስኬሪ» ሆኖ ከመጣ የላሊበላው አስጎብኚ ዕጣ ደርሷል ማለት ነው።

ሌላው የኢንተርኔት ነገር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ያለ መረብ የማይሠራ መዝገበ ቃላት የጫነ ሰው ምንም አልነበረውም። መተግበሪያ ከመምረጥ በፊት ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ «ሂድየስ»ን መፈለግ ነው። ፍቺው ከመጣ መዝገቡ ስልኩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቃሉ ቀደም ሲል ተፈልጎ ከነበረ ከትውስታ ሊያመጣው ስለሚችል ሌላ ያልተፈለገ ቃልም ይሞከር። የድምፅ ማሰሚያው ግን ብዙ ጊዜ መረብ ይፈልጋል፤ ፍቺው እየመጣ ድምፁ ዝም ካለ መተግበሪያው ተበላሽቷል ብሎ ማጥፋት አያስፈልግም።

የወረቀት መዝገበ ቃላት ሲገዛ ትልቁ ጣጣ የተባዛው ቅጂ ነው። የኦክስፎርድ ሽፋን ለብሶ በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሐፍ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ዋጋው ስለሚረክስ ያታልላል። ለማወቅ ኤች የሚጀምርበትን ገልጦ «ሂድየስ» ላይ መድረስ ነው። ከቃሉ አጠገብ በሁለት ያዘመሙ ጭረቶች መካከል የታሰሩት የአነባበብ ምልክቶች በትክክል መነበብ አለባቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ከቃሉ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ የጭረት ምልክት ናት፣ ድምፁ የት እንደሚጎላ የምትነግረው። እሷ ከጠፋች ወይም የላላውን ድምፅ የምታመለክተው የተገለበጠችው ኢ ወደ ጥቁር ነጥብ ከተለወጠች መጽሐፉ ለአነባበብ አይሆንም። ቀጥሎ የገጽ ቁጥር። መጻሕፍት በ16 ወይም በ32 ገጽ ጥራዝ እየታጠፉ ስለሚሰፉ ሲጎድልም ሲደገምም በአንድ ላይ ነው፤ አንድ ሁለት ገጽ ማየት አይበቃም፣ ከጀርባው በኩል ጥራዞቹን እየከፈሉ በየመነሻው ቁጥሩን ማየት ነው። ሙጫው ደካማ ከሆነ መሐሉ ላይ ገልጦ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት ይሰነጠቃል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መተው ነው።

እንግዲህ ፍርዱ። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል የኦክስፎርዱ፣ ያገለገለም ቢሆን። እንግሊዝኛው ገና ለሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሎንግማን ይቀልለዋል፤ ይህን ቃል ሲያጠና ብቻ ምሳሌዎቹን ከፍቺው አስቀድሞ ያንብብ። ተርጓሚና አስጎብኚ ከኦክስፎርዱ ጎን የአምሳሉንና የሞስባክን ቢያስቀምጥ፣ ከበድ ያለ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ የሌስላውን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ ድካሙ አይባክንም። ተርጓሚ ማሽኑ የተጻፈውን ለመከለስ ይሁን።

አዲስ እትም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኦክስፎርድ ሰባተኛ እትም ለእንዲህ ያለ ቃል ከ2020ው አሥረኛ እትም ጋር ሲተያይ ተማሪ የሚያጣው ነገር የለም፤ ልዩነቱ አዳዲስ የቴክኖሎጂና የማኅበራዊ ሚዲያ ቃላት ላይ ነው። ያገለገለ ሲገዛ ሻጩ ሲዲው ወይም የመተግበሪያ መክፈቻ ኮዱ አብሮ አለ ብሎ ዋጋ ቢጨምር አለመቀበል ነው፤ ኮዱ በቀድሞው ባለቤት ሳይሠራበት አይቀርም፣ ሲዲው ደግሞ የሚገባበት ኮምፒውተር ዛሬ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው።